የአፍ መጉመጥመጫ የሸፈነብኝ የድድ በሽታ

ለአራት ዓመታት ያህል የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ከአጠገቤ ተለይቶ አያውቅም። አንዱ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ሥር፣ አንዱ በሥራ ቦታዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ትንሹ ደግሞ በቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋት ጥርሴን እንደቦረሽኩ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስብሰባ ልገባ ስል፣ ማታ ልተኛ ስል እጉመጠመጣለሁ። የአፉን ንጽሕና እንደ እኔ የሚጠብቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። በእነዚያው ዓመታት ግን የኋላ ጥርሶቼን ይዞ የሚያቆመው አጥንት ሳይታወቀኝ እየሳሳ ነበር። የሄደው አጥንት አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው እኔ በሄድኩበት መንገድ መጀመሪያ ላይ የቆመ ሰው ካለ ከዚያው እንዲመለስ ስለምፈልግ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአፍ ጠረን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብለን ስንነጋገር ፊቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ሲያዞር አየሁት። ምንም አላለም፤ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስናገር እጄን ወደ አፌ መውሰድ፣ ከሰው ራቅ ብሎ መቆም፣ ስስቅ አንገቴን መድፋት ለመድኩ። በዚህ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ አጠገባችሁ ያለ ሰው አፍንጫውን በነካ ቁጥር ምክንያቱ እናንተ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም ጭምር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል እየሰማሁ ባድግም፣ የአፍ ጠረን ለእኔ ማፈሪያ እንጂ በሽታ አልነበረም።

መፍትሔ ያልኩት መጉመጥመጫ መግዛት ነበር። ከመደርደሪያው ላይ የመረጥኩትም በጣም የሚያቃጥለውን ነው። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ አፌ ውስጥ ይዤው እቆያለሁ፤ ባቃጠለኝ መጠን ጀርሞቹ የሚያልቁ ይመስለኝ ነበር። ስተፋው አፌ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሼ ይቀለኛል፣ ተዝናንቼ ከቤት እወጣለሁ። አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ያው ይመለሳል።

ለምን እንደሚመለስ ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍልኝ ነበር። የአፍ ጠረን አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከሆድ ሳይሆን ከዚያው ከአፍ ውስጥ ነው። በምላስ የኋለኛው ክፍል፣ በጥርሶች መካከልና በድድ ሥር አየር በማያገኙ ቦታዎች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የምግብ ቅሪትንና የሞቱ ሕዋሳትን ሲያብላሉ ድኝ ያለባቸውን ጋዞች ይለቃሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አንዱ ነው። መጉመጥመጫው በላይ ያገኘውን ባክቴሪያ ይቀንሳል፣ በራሱ መዓዛም ጠረኑን ይሸፍናል። የጋዙ ምንጭ ግን ባለበት አለ። እኔ ከምንጩ ጋር ሳይሆን ከሽታው ጋር ነበር የምታገለው።

ቀጥሎ ደም መጣ። ስቦርሽ የምተፋው አረፋ መጀመሪያ ሮዝ ሆነ፤ ቆይቶ ደም ራሱን ለይቼ አየሁት። እዚህ ላይ የሠራሁት ስሕተት ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። ድዴን ብሩሹ ያቆሰለው መስሎኝ በሚደማበት በኩል መቦረሽ አቆምኩ። በቀኝ በኩል ከታች ያሉትን የኋላ ጥርሶች እየዘለልኩ፣ እነሱን «መጉመጥመጫው ያጸዳቸዋል» ብዬ በፈሳሹ ብቻ ማለፍ ጀመርኩ። ደግሞም ደሙ ቀነሰ። የሚነካው ነገር ስለሌለ ነዋ። እኔ ግን የተሻለኝ መሰለኝ።

ድዳችሁ ሲደማ ብሩሹን አታሽሹ። ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ ሲነካ አይደማም። የሚደማው ስለተቆጣ ነው፤ የተቆጣውም ከሥሩ ቆሻሻ ስለተቀመጠበት ነው። ስለዚህ የሚደማው ቦታ ከሌላው ይልቅ በጥንቃቄ መጽዳት ያለበት ቦታ ነው። በዚህ ጊዜ የደረሰ ሰው ዕድለኛ ነው፤ የድድ መቆጣት ብቻ ከሆነ በደንብ በማጽዳት ሙሉ በሙሉ ይድናል። ወደ አጥንቱ ከወረደ በኋላ ግን ባለበት ማቆም እንጂ የጠፋውን መመለስ ከባድ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ላይ አፌ መድረቅ ጀመረ። ሌሊት ስነቃ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ አገኘዋለሁ። የምጠቀምበት ዓይነት ብዙ አልኮል የነበረበት ነው፤ በገበያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ ከ20 በመቶ በላይ አልኮል አላቸው። በቀን አራትና አምስት ጊዜ ስጉመጠመጥበት የአፌን እርጥበት ይወስደዋል። ምራቅ ደግሞ እንዲሁ ውኃ አይደለም። ሰውነታችን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚያመነጨው አፍን ሲያጥብ እንዲውል፣ አሲድን እንዲያረግብ፣ ለጥርስ ማዕድን እንዲመልስ ነው። ጠዋት ስንነሳ አፋችን የሚሸተው ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ነው። እኔ ቀኑንም ሌሊት አደረግሁት። በደረቀ ቁጥር ጠረኑ ይብሳል፣ በባሰ ቁጥር እጉመጠመጣለሁ፣ በተጉመጠመጥኩ ቁጥር ይደርቃል።

በመጨረሻ ምስጢሬን ያወጣው ትራስ ነው። አንድ ጠዋት ባለቤቴ አልጋ ስታነጥፍ ጠራችኝ። የትራሱን ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። የሳንቲም ያህል የሚሆን፣ ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ ገና ቀላ ያለ ነጠብጣብ ነበረበት። አጠገቡ ደግሞ የደበዘዙ ሁለት ሌሎች ነበሩ፤ ታጥበው ያልለቀቁ። «እነዚህን ሳያቸው ቆይቻለሁ፤ አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጠረኑንም አውቃለሁ። እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንሳሳ ሁለት ዓመት አለፈን። የምትወዱት ሰው የአፍ ጠረን ካለው ብቻችሁን ስትሆኑ በፍቅር ንገሩት። ለደቂቃ ያፍር ይሆናል፤ ጥርሱ ግን ይተርፍለታል።

በዚያው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ወንበሩ ላይ ካስተኙኝ በኋላ ጫፉ ድቡልቡል ያለ፣ የሚሊሜትር ምልክት የተደረገበት ቀጭን መለኪያ አንሥተው በእያንዳንዱ ጥርስና ድድ መካከል ቀስ እያደረጉ ማስገባት ጀመሩ። በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካሉ፤ ቁጥሩን ይጠራሉ፤ ረዳታቸው ይጽፋል። የፊት ጥርሶቼ ላይ «3፣ 2፣ 3» እያሉ ሲሄዱ ልቤ ረጋ። ወደ ኋላ ሲዘልቁ «4፣ 4፣ 5» አሉ። ከዚያ ያ እየዘለልኩት የነበረው የታችኛው ቀኝ በኩል ሲደርሱ ለአፍታ ዝም ብለው «6» አሉ። የረዳታቸው እስክሪብቶ ወረቀቱን ሲጭረው ይሰማኛል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ከፍ እያለ መሄዱ ግን በቂ ነበር። ጤነኛ ድድ ላይ ያ ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ከ4 ጀምሮ ግን ብሩሽም ፈሳሽም የማይደርስበት ኪስ እንደሚሆን ኋላ ነገሩኝ። ሲጨርሱ ያሳዩኝ ነጭ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር።

«በቀን አምስት ጊዜ እጉመጠመጣለሁ እኮ» አልኳቸው። የተከላከልኩ መስሎኝ ነው።

አልተቆጡም። ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቅለው በጣታቸው ጫፍ የአጥንቱን መስመር ተከትለው አሳዩኝ፤ ከፊት ከፍ ብሎ ይመጣና ወደ ኋላ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። «ጥርስ ላይ የሚጋገረው ሽፋን እንደ አቧራ አይደለም፤ እንደ ሙጫ ነው» አሉኝ። «ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በሠሩት ማጣበቂያ ውስጥ ተደራርበው ነው የሚኖሩት። ፈሳሽ ሲያፈሱበት የላይኞቹን ይነካል፤ የታችኞቹ ምንም አይሆኑም። መፋቅ አለበት። ሳይፋቅ ከቆየ ደግሞ ከምራቅ ማዕድን ይዞ ይደነድናል፤ ያኔ በብሩሽም አይለቅም፣ እኛ ነን የምናነሣው።» ቀጥለውም በተማሪነታቸው ጊዜ ስለተማሩት አንድ ጥናት አጫወቱኝ። በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ሁሉም ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በቀናት ውስጥ ተመለሰላቸው። «እርስዎ ያንን ጥርስ ማጽዳት ያቆሙት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዓመታት እንጂ ቀናት አልነበሩም።

ሕክምናው ራሱ እንደፈራሁት አልነበረም። ድዱን አደንዝዘው በሁለት ቀጠሮ፣ በአንዱ የቀኙን በሌላው የግራውን፣ ከድድ ሥር ያለውን የደነደነ ቆሻሻ ፍቀው አወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያን ያህል ባልደነገጥኩ። ጥርሶቼ ለቀዝቃዛ ነገር በጣም ስሱ ሆኑ፤ በመካከላቸውም ቀድሞ ያላየሁት ቀዳዳ ተከፈተ። ብዙ ሰው «ጥርስ ማስታጠብ ጥርስን ያላላል» የሚለው ይህን አይቶ ነው። እኔም ለሦስት ቀን ያህል ያበላሹኝ መስሎኝ ነበር። ቀዳዳውን ሞልቶት የነበረው የደነደነው ቆሻሻ ነው፤ ያበጠው ድድ ሲረግብም ወደ ቦታው ይሰበሰባል። ስሜቱ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ፈርታችሁ ሁለተኛውን አትቅሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትልቅ ስሕተቴ ልምጣ፤ ይህኛው በመድኃኒት የመጣ ነው። ሐኪሟ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጠንካራ ጸረ ጀርም መጉመጥመጫ አዘዙልኝ፤ በጠዋትና በማታ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ። ክሎርሄክሲዲን በአፍ ውስጥ ከጥርስና ከድድ ገጽ ጋር ተጣብቆ ለሰዓታት መሥራቱን ይቀጥላል፤ ለዚህም ነው ከሕክምና በኋላ መቦረሽ በሚያምበት ጊዜ የሚታዘዘው። በእርግጥም ድዴ በሳምንት ውስጥ መልኩ ተለወጠ፤ ከጠቆረ ቀይ ወደ ፈካ ሮዝ ሆነ። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ በጠርሙሱ ውስጥ ገና ነበር። «እንዲህ ካሻለኝ ለምን አቆማለሁ?» ብዬ ሌላ ጨምሬ ገዛሁና ከሁለት ወር በላይ ቀጠልኩበት።

መጀመሪያ የተለወጠው ጣዕም ነው። ጨው ያለበት ነገር ጨውነቱ ጠፋብኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ከንፈሬን ገልጬ ሳይ በታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ሥር፣ ድዱን ተከትሎ፣ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቡናማ መስመር አየሁ። ምላሴም በመሐሉ ጠቁሯል። ጥርሴ የበሰበሰ መስሎኝ ጠንካራ ብሩሽ ገዝቼ በየቀኑ እፈትገው ጀመር። መስመሩ አልለቀቀም፤ ድዴ ግን ተላጠ። እያፈርኩ ስመለስ ሐኪሟ አንድ ጊዜ አይተው «ስንት ጊዜ ተጠቀሙበት?» አሉ። ቡናማው ነገር የክሎርሄክሲዲን የታወቀ ጉዳት ነው፤ ሻይና ቡና ሲጨመርበት ይብሳል፤ በራስ መፈተግ አይለቅም፤ በሐኪም ቤት ግን በማሸት ይለቃል፣ ጥርሱም አይጎዳም። የእኔም በአንድ ቀጠሮ ለቀቀ። ተጨማሪ የነገሩኝ ነገር ደግሞ አሳዘነኝ። ብዙ የጥርስ ሳሙናዎች አረፋ ለማውጣት የሚጨመርባቸው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የተባለ ነገር ክሎርሄክሲዲንን ያዳክመዋል። ስለዚህ ከቦረሹ በኋላ አፍን በውኃ በደንብ ታጥቦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መጉመጥመጥ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ የሳሙናው አረፋ ከአፌ ሳይጠፋ ነበር የምጨምረው።

ክሎርሄክሲዲን የታዘዘላችሁ ሰዎች ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለስንት ቀን፣ ከቦረሽኩ በኋላ ስንት ቆይቼ፣ ስጨርስስ በምን ልቀጥል። የታዘዘው ቀን ሲያልቅ የተረፈውን አታስቀጥሉ። በአፍ ውስጥ ከ700 የሚበልጡ የባክቴሪያ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ሁሉም ጠላት አይደሉም። ከአትክልት የምናገኘውን ናይትሬት ለደም ሥሮቻችን ወደሚጠቅም ነገር ለመለወጥ የሚያግዙን አሉ። ጠንካራ ጸረ ጀርም ፈሳሽን ያለ ምክንያት ለወራት መጠቀም እነሱንም አብሮ መጥረግ ነው።

ይህን ሁሉ ካለፍኩ በኋላ መጉመጥመጫን ጨርሶ የተውኩ ይመስላችሁ ይሆናል። አልተውኩም። ቦታውን ነው ያስያዝኩት።

ማታ ከሁሉ አስቀድሜ በጥርሶቼ መካከል እገባለሁ። ክፍተቱ ጠባብ በሆነበት በጥርስ ክር፣ ሰፋ ባለበት ደግሞ ለዚሁ በተሠራች ትንሽ ብሩሽ። የትንሿ ብሩሽ ልክ የተለያየ ነው፤ ጥብቅ ብላ ሳትገፋ የምትገባውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ለእኔ ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ለክተው ሰጡኝ። መጀመሪያ ሳምንት ደም ነበረ። እያወቅሁ ቀጠልኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቆመ። ያ ቀን ለእኔ ትልቅ ቀን ነበር። ቀጥሎ ለሁለት ደቂቃ እቦርሻለሁ፤ ለስላሳ ብሩሽ፣ ፀጉሩ ወደ ድዱ ዳር ጋደም ብሎ፣ በትንንሽ እንቅስቃሴ። ያንን የታችኛውን ቀኝ አሁን መጀመሪያ ነው የምጀምረው፤ መጨረሻ ላይ ስንደርስ እጃችን ይደክማል፣ ልባችንም አልጋው ጋ ይደርሳል። በመጨረሻም ምላሴን ከኋላ ወደ ፊት በመፋቂያ ሦስት አራት ጊዜ እስባለሁ። በመፋቂያው ላይ የሚወጣውን ነጭ ነገር ያየ ሰው ጠረኑ ከየት ይመጣ እንደነበር ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በዓመታት መጉመጥመጥ ያልጠፋልኝ ጠረን በአብዛኛው የጠፋው ምላሴን መፋቅ በጀመርኩ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

ከቦረሽኩ በኋላ አረፋውን እተፋለሁ እንጂ አልታጠብም፤ በውኃም፣ በመጉመጥመጫም። ይህ ሰውን ሁሉ የሚያስገርም ስለሆነ ምክንያቱን ልንገራችሁ። የተለመደው የአዋቂ የጥርስ ሳሙና ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ፍሎራይድ በሚሊዮን ውስጥ 1450 ክፍል ገደማ አለው። በየቀኑ የምንጠቀምበት ባለ ፍሎራይድ መጉመጥመጫ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 225 ክፍል ነው። ቦርሸን ወዲያው ስንጉመጠመጥ ጠንካራውን አጥበን በደካማው እንተካለን ማለት ነው። እኔ ለአራት ዓመታት በየጠዋቱና በየማታው ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ለምን አዲስ የጥርስ መቦርቦር እንደመጣብኝ ሐኪሟ ሲያስረዱኝ ገባኝ። ስለዚህ ባለ ፍሎራይዱን የምጠቀመው በሌላ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ነው። በክዳኑ የተመለከተውን መጠን፣ ማለትም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ30 ሰከንድ ወይም በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ለአንድ ደቂቃ አንቀሳቅሼ እተፋለሁ፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት አልበላም፣ አልጠጣም። ከዚያ በላይ በቀን አልደግመውም።

ስትገዙ የፊቱን ጽሑፍ ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ጥርሱ ለሚቦረቦርበት ሰው ሶዲየም ፍሎራይድ ያለበት ይጠቅማል። ድዱ ለሚቆጣ ጀርም የሚቀንሰው ሴቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ ያለበት፣ ወይም ከቲሞል፣ ከሜንቶልና ከባሕር ዛፍ ዘይት የተሠራው፣ ከብሩሽና ከክር ጋር ሆኖ ያግዛል። ዚንክ ያለበት ጠረን የሚሰጡትን ጋዞች ያስራል። መዓዛና ቀለም ብቻ የሆነ ደግሞ አለ፤ እሱ ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ሽታ ይሰጣል፣ በቃ። አፉ የሚደርቅ ሰው፣ በመድኃኒት ምክንያትም ቢሆን፣ «ከአልኮል ነፃ» የሚለውን ይፈልግ። ማቃጠሉ የመሥራቱ ምልክት አይደለም፤ አሁን የምጠቀምበት ጨርሶ አያቃጥልም።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሁሉ መሐል የእህቴ ትንሽ ልጅ ቤታችን መጥታ ሰማያዊውን ጠርሙስ ከመታጠቢያ ቤት አንሥታ በክዳኑ ቀድታ ወደ አፍዋ ስታስጠጋ ደርሼ ያዝኩባት። ቀለሙና የጣፈጠ ሽታው ሕፃን ይጠራል፤ ውስጡ ግን አልኮልና ፍሎራይድ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ መትፋትን በደንብ ስለማይችል ሐኪም ካላዘዘ በቀር መጉመጥመጫ አይሰጠውም። ጠርሙሱም ከፍ ያለ ቦታ፣ ተዘግቶ መቀመጥ አለበት። የእኛ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የሚያመነታ ሰው ካለ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚደማ ድድ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከድድ ሥር የሚወጣ መግል፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ምላስን ፍቆና በጥርስ መካከል አጽድቶም ያልሄደ ጠረን ካለባችሁ ሌላ ጠርሙስ አትግዙ፤ ቀጠሮ ያዙ። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ማጨስ የድድን መድማት ስለሚቀንስ በሽታው ምልክት ሳያሳይ ይገፋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ፤ የድድ በሽታና የስኳር መጠን አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ለመለካት ተመለስኩ። ያው ወንበር፣ ያው ቀጭን መለኪያ፣ ያው እስክሪብቶ። «2፣ 2፣ 3» እያሉ ሄዱ፤ 5 የነበሩት 3 ሆነዋል። የታችኛው ቀኝ ሲደርሱ እጄ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ነበር። «4» አሉ። ነጩን ጨርቅ ሲያሳዩኝ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ ነበረችበት። ያቺ ጥርስ አሁንም 4 ላይ ናት፤ በየሦስት ወሩ እየሄድኩ አስለካታለሁ፣ ለእሷ ብቻ የተመረጠችውን ትንሽ ብሩሽም በየማታው መጀመሪያ አነሣታለሁ።